ታንክ በተሞላ ቁጥር መኪና ውስጥ የሚገባ የቤንዚን ሽታ

ጥያቄው ከአንዲት እናት የመጣ ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «2003 ሞዴል ቪትዝ ነው የምነዳው። ታንኩን በሞላሁ ቁጥር ለሦስት አራት ቀን መኪናው ውስጥ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ነዳጁ ከግማሽ ሲወርድ ሽታው ይጠፋል። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆቼ ራሳችንን አመመን ይሉኛል። ባለፈው ዓመት መኪናዋ አልነሳ ብላ የነዳጅ ፓምፕ ተቀይሮላታል። ስለ ሽታው ስናገር አንዱ ጋራዥ ኢንጀክተር አጠበልኝ፣ ሌላው ካንዴላ ቀየረልኝ፣ ሽታው ግን እንዳለ ነው። አሁን ደግሞ ፓምፑ እንደገና ይቀየር እያሉኝ ነው። ልቀይር?»

አትቀይሪ እህቴ። ቢያንስ አሁን አትቀይሪ። መኪናዋ ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ አቅሟም አልቀነሰም፤ ስለዚህ ፓምፑ እየሠራ ነው። ፓምፕ ሲበላሽ መኪና ያቆማል እንጂ አይሸትም። የሚሸተው ፓምፑ የገባበት ቦታ በደንብ ሳይታሸግ ሲቀር ነው፣ ጽሑፍሽን ሳነብ የጠረጠርኩትም እሱን ነው። ለምን እንደጠረጠርኩ፣ አንቺ ራስሽ እንዴት እንደምታረጋግጪ፣ ከዚያም እንዴት እንደሚጠገን ልንገርሽ። ይረዝማል። የልጆች ጤናና የእሳት ጉዳይ ስለሆነ ግን ማሳጠር አልፈለግኩም።

ከሁሉ በፊት፣ ሽታው ከየት እንደሚመጣ እስኪታወቅ ልጆቹን በዚህች መኪና አታመላልሺ። የግድ ከሆነም ታንኩ ከግማሽ በታች ይሁን፣ መስኮት ይከፈት፣ መንገዱም አጭር ይሁን። የቤንዚን ትነት ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ኬሚካልም በውስጡ አለ። ስለዚህ «ሽታ ብቻ ነው፣ ይለመዳል» የሚልሽን አትስሚ። መለመዱ ራሱ ነው አደጋው። አፍንጫ አንድ ሽታ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ መለየቱን ያቆማል፣ ሹፌሩም «አሁንስ ጠፋ» ይላል፣ ሽታው ግን አልሄደም። ሽታው መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ያለብሽ ከውጭ መጥቶ በሩን የከፈተውን ሰው ነው።

ቀጥሎ መለየት ያለበት፣ የሚወጣው ትነት ብቻ ነው ወይስ ፈሳሽ ቤንዚንም አለ የሚለው ነው። የሰው አፍንጫ ቤንዚንን እጅግ በትንሽ መጠን፣ ከሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ ይለየዋል። እሳት እንዲይዝ ግን አየሩ ውስጥ 1.4 በመቶ ገደማ ትነት መኖር አለበት። ስለዚህ ሸተተ ማለት አሁኑኑ ይቃጠላል ማለት አይደለም። ፈሳሽ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ብልጭታ ካገኘ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፣ የአዲስ አበባ የሌሊት ብርድ ምንም አያግደውም። ትነቱ ደግሞ ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ መሬት ላይ ተንጣሎ ይቀመጣል። ግቢያችሁ ውስጥ ከመኪናዋ አጠገብ ከሰል የሚያያዝ ከሆነ ወይም ጀነሬተር ካለ ከዛሬ ጀምሮ ይራቅ።

ማታ ስታቆሚ ንጹሕ ካርቶን ከመኪናዋ ሥር፣ በኋላ ወንበሩ ትክክል አንጥፊ። ሌላ ካርቶን ደግሞ ከሞተሩ ሥር። ጠዋት እዪው። ቤንዚን ስለሚተን እርጥቡን ላታገኚው ትችያለሽ፣ ግን ካርቶኑ ላይ ምልክት ይተዋል፣ ቀረብ አድርገሽ ስታሸቺውም ይታወቅሻል። የቤንዚን ጠብታ ካገኘሽ መኪናዋን አታስነሺ። መካኒኩ ቤት ድረስ ይምጣ ወይም ተጎትታ ትሂድ። መሬት ላይ ተኝቶ ካገኘሽው ግን ሰውን አርቂና አዲስ አበባ ከሆንሽ 939 ደውለሽ ለእሳት አደጋ ንገሪ። ውሃ አትድፊበት፤ ቤንዚኑ ውሃው ላይ ተንሳፎ ይስፋፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የቤንዚን ሽታ ያለባት መኪና ስትመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው መቼ እንደሚሸት ነው። ሽታ አንዴ መኪና ውስጥ ከገባ ሁሉም ጋ ይዳረሳል፣ በየት እንደገባ አፍንጫ አይነግርሽም። ሰዓቱ ግን ይነግርሻል። አንቺ ደግሞ ሳትጠየቂ ጽፈሽዋል፤ ታንክ ሲሞላ ይመጣል፣ ከግማሽ ሲወርድ ይጠፋል። ይህ ብቻውን ኢንጀክተሩንም ካንዴላውንም ነጻ ያወጣቸዋል። ኢንጀክተሩ፣ ማለትም ለሞተሩ ነዳጅ የሚረጨው ዕቃ፣ ጋ ያለው የነዳጅ ግፊት ታንኩ ሙሉም ሆነ ሩብ ያው ነው፣ በዚህች መኪና ከ3 እስከ 3.5 ባር ገደማ። እሱ ቢያፈስ ኖሮ ነዳጁ ሊያልቅ መብራት ሲያበራም ይሸት ነበር። ከነዳጁ ከፍታ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ሽታ ከታንኩ የላይኛው ክፍል ወይም ከመሙያው መስመር ነው የሚመጣው። እዚያ ነው መፈለግ ያለበት።

የቪትዝ ታንክ፣ መካኒኮች ሳልባትዮ የሚሉት፣ ከኋላ ወንበሩ ሥር ነው ያለው። ልጆችሽ የሚቀመጡት ቃል በቃል ከታንኩ በላይ ነው። ፓምፑ ታንኩ ውስጥ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ይሠራል። የሚገባው ከላይ ባለው ቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳው ላይ ሶኬቱንና ቱቦውን የያዘ ክዳን ይታሰራል፣ በክዳኑና በታንኩ መካከል ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ማሸጊያ፣ አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የመኪናው ወለል ላይ ትንሽ የቆርቆሮ መሸፈኛ አለ፣ ዙሪያውን በጥቁር የሚያጣብቅ ነገር የታሸገ። ስለዚህ ሁለት ማሸጊያ አለ። የታችኛው ጎሚኒ ትነቱን ታንኩ ውስጥ ይይዛል። የላይኛው ደግሞ ከሥር የሚመጣ ሽታ፣ አቧራና ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል።

ፓምፕ የቀየረ ሰው ሁለቱንም ከፍቷል።

ሥራው በደንብ ሲሠራ አዲስ ጎሚኒ ይገባል። አሮጌው ለዓመታት ተጨፍልቆ የቦታውን ቅርጽ ይዟል፣ ከቦታው ሲወጣ ደግሞ ቤንዚን የጠጣው ላስቲክ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ሲመለስ እንደ ድሮው አይገጥምም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ፓምፑ ብቻውን ይገዛል፣ አሮጌው ጎሚኒ ይመለሳል፣ «ለማንኛውም» ተብሎ ዙሪያውን ሲሊኮን ይቀባል። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር፦ ተራ ሲሊኮን ለቤንዚን አይሆንም። ለዘይትና ለውሃ ጥሩ ነው። ቤንዚን ግን ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል፣ በመጨረሻም ይቆራርሰዋል። ለጊዜው ይይዝና ይለቃል። የተቆረሰው ቁራጭ ደግሞ ታንኩ ውስጥ ይወድቅና የፓምፑን ማጥለያ ይደፍናል፣ መኪናዋ አቅም ታጣለች፣ «ፓምፑ ደከመ» ይባላል፣ ሌላ ፓምፕ ይገዛል፣ ያው ጎሚኒ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ስንት ደህና ፓምፕ ተጥሏል። ያንቺም ጎሚኒው ሳይነካ ሌላ ፓምፕ ቢገባባት ሽታው ይቀጥላል።

ሲሞላ ብቻ የሚሸተው ለዚህ ነው። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ቤንዚኑ ክዳኑ ሥር ይደርሳል። ዳገት ላይ፣ ፍሬን ስትይዢ፣ ኩርባ ስትዞሪ እየተናጠ ጎሚኒውን ይመታዋል፣ ክፍተት ካገኘ ጥቂት ጥቂት ወደ ላይ ይወጣል። የወጣው ታንኩ ጀርባ ላይ ይተናል፣ ትነቱ የላላውን የቆርቆሮ መሸፈኛ አልፎ ልጆቹ እግር ሥር ይገባል። ነዳጁ ከግማሽ ሲወርድ ንጡ እዚያ አይደርስም። ከተማችን ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ሌላም ነገር አለ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተማ በሩብ ገደማ ያንሳል፣ ግፊት ሲያንስ ደግሞ ቤንዚን ቶሎ ይተናል። አዋሽ ወይም አዳማ ላይ ሞልተሽ ወደ ላይ ስትመጪ የውጪው ግፊት እየቀነሰ ስለሚሄድ ታንኩ ውስጥ ያለው ትነት ወደ ውጪ ይገፋል። ጤነኛ መኪና ይህን ይችለዋል። ጎሚኒዋ የደከመ መኪና ግን እዚህ መንገድ ላይ ታጋልጣለች፣ ስለዚህ ከቆላ ስትመለሺ ሽታው የሚብስ ከነበረ ይህንንም ለመካኒኩ ንገሪው።

እንዴት ታረጋግጫለሽ? ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሽታው ባለበት ቀን ይሁን። መኪናዋን ደጅ ጥላ ላይ አቁሚ፣ ሞተሩ ይቀዝቀዝ፣ በሮቹን ሁሉ ክፈቺና ትናፈስ። ከዚያ የኋላ ወንበሩን መቀመጫ ታነሻለሽ። አነሳሱ እንደ ወንበሩ ዓይነት ይለያያል፤ አንዳንዱ የፊት ጠርዙን ወደ ላይ ሳብ ሲያደርጉት ይላቀቃል፣ አንዳንዱ በቡሎን የታሰረ ነው። ምንጣፉን ገለጥ ስታደርጊ የቆርቆሮ መሸፈኛውን ታገኚዋለሽ። አትክፈቺው። ጎንበስ ብለሽ ብቻ አሽትቺ። እዚያ ጋ ሽታው ከበረታ አገኘሽው ማለት ይቻላል። የጠርዙ ጥቁር ማጣበቂያ ተነስቶ፣ ተቀዶ ወይም ጭራሽ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ የላይኛው ማሸጊያም የለም።

ከዚህ በኋላ ያለው የመካኒክ ሥራ ነው፣ አንቺ ግን አጠገቡ ቁሚ። መሸፈኛው ሲነሳ ማንም ምንም ሳይጠርግ የታንኩን ጀርባ እዩት። ደረቅ አቧራ ዱቄት ነው፣ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ነው። ቤንዚን የነካው አቧራ ጠቁሮ ይጣበቃል። በክዳኑ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ካለ ጎሚኒው ነው፣ ቀለበቱ የሚሰፋበት ጎንም የሚያፈስበትን ጎን ያሳያል። ጥቁሩ ያለው በቱቦው መገጣጠሚያ ዙሪያ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የመገጣጠሚያው ወይም የቱቦው ነው። ያ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል፣ ምክንያቱም እዚያ ያለው ቤንዚን ግፊት ስላለው ይረጫል። አንዳንዴ ክዳኑ ራሱ ይሰነጠቃል፣ ፕላስቲክ ከሆነ በተለይ ሶኬቱ የሚገባበት ቦታ ላይ። ብርሃን ለማግኘት በእጅ ባትሪ ይታይ። ላይተር አውጥቶ ሊያይ የሚሞክር ሰው ካጋጠመሽ መኪናሽን ይዘሽ ከዚያ ግቢ ውጪ።

ቀለበት ከሌለ፣ የታንኩ ጀርባም ንጹሕ ከሆነ፣ በሙሉ ታንክ የሚሸቱ ሌሎች ጥቂት ቦታዎች ይቀራሉ። ከመሙያው አፍ ወደ ታንኩ የሚወርድ ወፍራም የጎማ ቱቦ አለ፣ ከጎኑ ቀጭን የአየር ቱቦ። ሃያ ዓመት ያለፈው ጎማ ይሰነጠቃል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ ያሉንን ለረጅም ጊዜ መንዳታችን አይቀርም፣ ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱን የደረቀ ጎማ ከዚህ በፊት ካየነው በላይ እናየዋለን። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ገና ማደያው ውስጥ እያለሽ ይሸታል፣ ሲሞላ በኋላ ጎማው በኩል ይንጠባጠባል፣ ከፍ አድርገው ሲያዩት ቱቦው መታጠፊያው ላይ ተሰንጥቋል። የመሙያውን አፍ ክዳንም አትርሺ። ውስጡ ቀለበት ጎሚኒ አለው፣ ያ ሲደርቅ ወይም ክዳኑ የሌላ መኪና ሲሆን ያስተነፍሳል። ጠዋት መኪናዋ ሳትነሳ የመሙያውን ትንሽ በር ብቻ ከፍተሽ አሽትቺ። ክዳኑ እንደተዘጋ እዚያ ጋ ምንም መሽተት የለበትም።

ከዚያ ከሰሉ አለ። ታንኩ ሲተነፍስ ትነቱ አየር ላይ እንዳይለቀቅ ከሰል በተሞላ ሣጥን ውስጥ ያልፋል። ከሰሉ ትነቱን ይይዛል፣ ሞተሩ ሲሠራ መልሶ ስቦ ያቃጥለዋል። ይህ ሣጥን የተሠራው ለትነት ነው፣ ፈሳሽ ቤንዚን ከገባበት ከሰሉ ይበላሻል። ፈሳሽ የሚያስገባው ደግሞ ማደያ ላይ ያለን ልማድ ነው። መሙያው ቀጭ ብሎ ካቆመ በኋላ «ጨምርበት፣ እስከ አፉ» እንላለን። ወረፋው ረጅም በሆነበት፣ ነገ ነዳጅ ይኑር አይኑር በማይታወቅበት ጊዜ ሰው ይህን ማለቱ ይገባኛል። ግን ታንኩ አናት ላይ የቀረው ባዶ ቦታ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ቤንዚን በ10 ዲግሪ ሲሞቅ በ1 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ከመሬት በታች ካለው ቀዝቃዛ ጋን የተቀዳ 40 ሊትር ፀሐይ ላይ ሲቆም ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ካጣ ወደ ከሰሉ ይሄዳል። ከሰሉ ሲርስ ሌላም ምልክት አለው፤ ነዳጅ ሞልተሽ ወዲያው ስታስነሻት እንቢ ትላለች ወይም ተነስታ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጫት ቆማ ስትሠራ) ትንቀጠቀጣለች። ይህ ያንቺን መኪና የሚገልጽ ከሆነ ጻፊልኝ፣ አልጠቀስሽም። ለማንኛውም ከዛሬ ጀምሮ ቀጭ ሲል ይብቃሽ።

በዚህ አጋጣሚ፣ «ኮምፒውተር ላይ አይተነዋል፣ ምንም የለባትም» ቢሉሽ አትጽናኚ። አዳዲስ መኪኖች ታንካቸው ትነት ሲያስተነፍስ ራሳቸው ፈትነው ፒ0442 ወይም ፒ0455 የሚባል ዓይነት ኮድ ያወጣሉ። በአንቺ መኪና ዕድሜ ያሉ፣ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ግን ብዙዎቹ ይህን ፈተና አያደርጉም፣ ስለዚህ እየሸተቱም ኮድ ላይኖራቸው ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይ አቧራው ላይ ያለው ቀለበት ከኮምፒውተሩ ይበልጥ ይታመናል። ቀለበቱም ካልተገኘ የጭስ ማሽን ያለው ጋራዥ ፈልጊ፤ ጭሱን በቀስታ ወደ መስመሩ ሲነፉት በተሰነጠቀው በኩል ሲወጣ በዓይን ይታያል።

ሽታቸው ከአንቺ በተለየ ሰዓት የሚመጣባቸው ሰዎችም ስለሚያነቡት ባጭሩ ልበል። ጠዋት በብርድ ስትነሳ ሸቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ሽታ ብዙ ጊዜ ከኮፈኑ ሥር ነው፤ የኢንጀክተሮቹ ጎሚኒ በብርድ ይጠነክርና በጥቂቱ ያፈሳል፣ ሲሞቅ ለስልሶ ይዘጋል። ሽታው በፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር መግቢያ ይገባል፣ ስለዚህ የኤሲውን አየር ወደ ውስጥ ዑደት ስታዞሪው ከቀነሰ ምንጩ ፊት ለፊት ነው። መስኮት ሲከፈት የሚብስ ሽታ ደግሞ ከኋላ የሚመጣ የጭስ ሽታ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ቪትዝ ያለች አጭር መኪና ስትሄድ ከጀርባዋ ያለው አየር ወደ ራሷ ይመለሳል፣ የኋላ በሯ ጎሚኒ ካረጀ ወይም ማርሚታዋ (የጭስ ማውጫዋ) ከተቀደደ ጭሱ ይገባል። ይህኛው ከሁሉም ይብሳል፣ ምክንያቱም ከጭሱ ጋር ራሱ የማይሸት ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ይገባል። ኤሲ ተከፍቶ የቆመ መኪና ውስጥ መተኛት ይቅር። የዘይት መለኪያውን መዝዛችሁ ስታሸቱት ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ የዘይቱም ልክ ከፍ ካለ፣ ኢንጀክተር ውስጥ ውስጡን እያፈሰሰ ነው፤ ዘይቱ ስለቀጠነ ሞተሩ እንዳይበላ ምክንያቱ ተስተካክሎ ዘይት እስኪቀየር አትንዷት። ላዳ ታክሲ ላይ የኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው የሚያውቀው ሽታ ታንኩ እቃ መጫኛው ውስጥ በስተቀኝ ስለሆነ ነው። ቮልስም ታንኳ ከፊት፣ ከእግር በላይ ነው። እነዚህ ላይ መጀመሪያ ጎማ ቱቦዎቹንና የመሙያውን አፍ እዩ።

ወደ አንቺ ልመለስ፣ ጥገናውን እንዲህ ይሥሩልሽ። ታንኩ ሩብ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ቀጠሮ ያዢ። ሥራው ደጅ ይሠራ፣ አጠገቡ ብየዳም ሆነ ሲጋራ አይኑር፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይቅረብ። መካኒኩ የሞተሩ ቁልፍ ተዘግቶ እያለ የፓምፑን ሶኬት ይነቅላል፣ ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ መስመሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን አልቆ በራሱ እስኪጠፋ ይጠብቃል። ይህ ካልተደረገ ቱቦውን ሲነቅል ቤንዚኑ ፊቱ ላይና ምንጣፍሽ ላይ ይረጫል። ቀጥሎ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል። የታንኩ ጀርባ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ አለዚያ ያ ሁሉ አቧራ ታንኩ ውስጥ ይገባል። በቤት መጥረጊያ ማሽን እንዳይሞክሩት፤ የማሽኑ ሞተር ብልጭታ አለው።

ክዳኑ ሲነሳ የድሮው ጎሚኒና የሲሊኮኑ ቅሪት ሁሉ ይወጣል። የሚፋቀው በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ነው፣ በካቻቢቴ ከተፋቀ የሚጫረው ብረት ነገ አዲሱን ጎሚኒ ያስተነፍሳል። አዲሱ ጎሚኒ የዚሁ ሞዴል ይሁን፣ ሲሊኮን አይቀባ፣ ደረቁን ይግባ። ቡሎኖቹ ትንንሽ ናቸው። በተቃራኒ ጎን እያፈራረቁ ጥቂት ጥቂት ማጥበቅ ነው። አንዱን ጎን ጥርቅም አድርጎ አጥብቆ ወደ ሌላው የሄደ ሰው ክዳኑን ያጣምመዋል፣ የተጣመመ ክዳን ደግሞ አዲስ ጎሚኒም አይረዳውም። ቱቦ የሚቀየር ከሆነ ለኢንጀክሽን ግፊት የተሠራ፣ ጎኑ ላይ ጄ30አር9 የሚል የተጻፈበት ይሁን። የውሃ ቱቦ ወይም ነጭ ፕላስቲክ ቱቦ እንዳይገባ።

ክዳኑ ተዘግቶ ባትሪው ከተመለሰ በኋላ መሸፈኛው ገና ክፍት እያለ መኪናዋ ትነሳና ትንሽ ትሥራ፤ የቱቦው መገጣጠሚያ ዙሪያ ነጭ ሶፍት ይዞርበት። ደረቅ ከወጣ ጥሩ። ከዚያ የቆርቆሮ መሸፈኛው በአዲስ ማጣበቂያ ይታሸግ። እዚህኛው ላይ ቤንዚን ስለማይነካው ሲሊኮን ቢሆንም ግድ የለም።

ዕቃውን መርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዢ ያገለገለ ጎሚኒ አትግዢ። ያገለገለ በር፣ ያገለገለ መስታወት እሺ፤ ጎሚኒ ግን የሚገዛው አዲስነቱ ነው። ዋጋው ከፓምፕ ጋር አይወዳደርም፣ ለዚህም ይመስለኛል ሰው ትኩረት የማይሰጠው። ጋራዥ ስትሄጂም «ሽታውን አጥፉልኝ» አትበይ። «በየት እንደሚያፈስ አሳዩኝና ከዚያ ትጠግናላችሁ» በይ። ቦታውን ሳያሳይሽ ዕቃ አምጪ የሚልሽን ሰው እጅ ነስተሽ ሌላ ጋ ሂጂ።

ሲያልቅ ፈትኚው። ቀጭ እስኪል ድረስ ብቻ ሙይና እንደ ልማድሽ ንጂ፣ ዳገት ውጪ፣ ውረጂ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ መስኮት ዘግተሽ አቁሚያት። ከሰዓታት በኋላ አብሮሽ ያልዋለ ሰው በሩን ከፍቶ ያሽትት። እሱ ምንም ካላለ ጨርሰሻል። ትንሽ ሽታ ከቀረ ወዲያው ተስፋ አትቁረጪ፤ ምንጣፉና የወንበሩ ስፖንጅ ለወራት የጠጡትን እያወጡ ሊሆን ይችላል። ይህ ቀሪ ሽታ ከቀን ወደ ቀን ይቀንሳል፣ ታንክ ሲሞላም አይጨምርም፤ ከሚያፈስ መኪና የምትለዪው በዚህ ነው። ሽቶና ማሸተቻ አትስቀዪባት፣ ሽታውን ሸፍነው መፍሰሱን እንዳታውቂ ያደርጉሻል። ምንጣፉን አውጥተሽ በሳሙና ይታጠብ፣ ወንበሩ ፀሐይና ንፋስ ላይ ይዋል፣ ወለሉ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰሽ አሳድሪና ጥረጊው። ፈሳሽ ቤንዚን በቀጥታ የነካው ስፖንጅ ካለ ግን በመታጠብ አይለቅም፣ እሱን ማስቀየር ነው።